በሸማኔ ቤት የቀረው ብረት

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የአንድ አሮጌ ሬዲዮ ሆድ እየጎረጎርኩ ሳለ የወልዴ የልጅ ልጅ ማርታ የግቢዬን በር አንኳኳች። ማርታ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ቤታቸው ከቤቴ ሦስት አጥር አልፎ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ።

«አባባ ታዬ፣ እንደምን አደሩ? ሥራ አስፈታሁዎት?»

«ምን ሥራ አለኝ። ይሄ ሬዲዮ ከሞተ ቆይቷል። አልቀብረውም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሳቀችና አጠገቤ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጆሮዬ ሥር አደረገችው። ሦስት የፈረንጅ ልጆች ጊታር ይጫወታሉ። ዘፈን የለበትም። ጊታሩ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ድምፁ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይንጠባጠባል። ያን ድምፅ ከሰማሁ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። መፍቻዬን አስቀመጥኩ።

«ሰርፍ ይባላል» አለችኝ። «ከጓደኞቼ ጋር ይሄን ልንጫወት ነው። ጊታርና አምፕሊፋየር ልገዛ ነው። አያቴ ‘ከታዬ ሌላ ሰው እንዳታማክሪ፣ በጆሮ የሚበልጠው የለም’ አለኝ። አብረውኝ ሄደው ይምረጡልኝ?»

«እሱ ለምን አልመጣም?»

«እግሩን አሞታል። ደግሞ ‘የእኔንም ጊታር የመረጠልኝ ታዬ ነው’ አለኝ።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ። የወልዴን ጊታር የመረጥኩለት እውነት እኔ ነኝ። እንዴት እንደመረጥኩለት ግን እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ጋ ነው፤ አስኳላ ሦስተኛ ክፍል ላይ ጥዬ ወጥቻለሁ። አሳምሬ አልጽፍም። የሆነውን ግን አውቀዋለሁ።

ያን ጊዜ ኮልፌ የከተማው ጭራ ነበረች። ከአውቶቡሱ ወርደህ ቀሪውን በጋሪ ወይ በእግርህ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ አንዳንዱ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር ከቤት የሚወጣው። የባህር ዛፉ ጭስ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን ይሸፍነዋል። መብራት የገባላቸው ቤቶች በጣት ይቆጠሩ ነበር። እኔ አየር ጤና መንገድ ላይ ለአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ እሠራ ስለነበር ኮረንቲ የሚያውቅ ይባል ነበር ስሜ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው። ወልዴ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል።

ወልዴ የሸማኔው የአቶ ሻንቆ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከጋሞ መጥተው እዚያው ኮልፌ የከተሙ ናቸው። ደጃቸው ላይ ሁልጊዜ ክር ተዘርግቷል። እናቱ ቆጮ ከዳጣ ጋር ሰጥተውኝ አፌ እየነደደ፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ ሳልጨርስ ተነስቼ አላውቅም። እንዲህ እየበላሁ ቤታቸው ያደግኩ ሰው ነኝ። ይሄን የምለው ኋላ የማወራው እንዲገባችሁ ነው።

ሙዚቃውን ያመጣው ጋሽ በቀለ ነው። ከጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል በጡረታ የወጣ ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ባንድ አቋቁሞ ነበር። አንድ ቀን ከየት እንዳገኘው ያልነገረንን ሸክላ ይዞ መጣ። ሽፋኑ ላይ አንድ ሰው ሳንቃ ላይ ቆሞ በትልቅ ውሃ ላይ ይሄዳል።

«ይሄ ሰው ጴጥሮስ ነው እንዴ?» አለ ወልዴ።

«ጴጥሮስ ሰምጧል። ይሄ አልሰመጠም» አለው ጋሽ በቀለ፣ ሸክላውን እያስቀመጠ።

ሰማነው። ማናችንም ባህር አይተን አናውቅም። ጋሽ በቀለ ይሄ የማዕበል ሙዚቃ ነው፣ ፈረንጅ ባህር ዳር ሆኖ የሚጨፍርበት ነው ብሎ ያስረዳን ጀመር። ወልዴ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቆይቶ፣ «ባህር አይደለም ጋሼ። የኛ ወንዝ ነው፣ በነሐሴ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን እውነቱን ነው። ወንዛችን በነሐሴ ሲሞላ ድንጋዩን እያንከባለለ የሚያሰማው ያንን ነው።

የዚያ ሙዚቃ ነገር ቀኝ እጅ ላይ ነው። አንዷን ክር ወደታች ወደላይ፣ ወደታች ወደላይ፣ ሳታቋርጥ ትመታታለህ፤ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አስቡት። እኔ ትንሽ ስቆይ ክንዴ ይደነዝዛል። ወልዴ ግን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሽመና ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያ ሲወረውር ያደገ ልጅ ነው። ቀኝ እጁ ድካም አያውቅም። በተዋሰው፣ ክራር በሚያክል ጊታር እንኳ ሲመታው ጣቱ አይታይም ነበር።

ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ አዳራሽ ያለው አንድ ቡና ቤት ነበር። ባለቤቱ ከመስቀል ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ዳንስ ላሳይ ነው ብሎ ጋሽ በቀለን አነጋገረው። ባንዱ ሙሉ ነው፤ የጎደለው መሪ ጊታር ነው። ቦታው አንድ፣ እኛ ሁለት።

ጋሽ በቀለ የወታደር ሰው ነው፣ አያባብልም። «ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ ሁለታችሁም አዳራሹ ውስጥ ትጫወታላችሁ። የሚበልጠውን እወስዳለሁ። ዕቃ የሌለው ግን ባይመጣብኝ ይሻላል» አለን።

እኔ ዕቃ ነበረኝ። አሠሪዬ አንገቱ ተሰብሮ የጠገነው ቀይ ጊታርና ከሲኒማ ቤት ድምፅ ማጉያ የቀጣጠለው አምፕሊፋየር ነበረው፤ እሱን አዋሰኝ። ጮክ ብሎ ይጮሃል። ድምፁ ግን እንደ ቆሎ ደረቅ ነው።

ወልዴ ምንም አልነበረውም። አቶ ሻንቆ የሚሠሩላት አንዲት ፈረንጅ ነበረች፤ ባሏ ጊታር ይጫወታል። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ አቶ ሻንቆ አስተርጓሚ ይዘው ሄዱና ተስማሙ። ሴትዮዋ ለሁለት መኝታ ቤት የአልጋ ልብስና መጋረጃ፣ ጥለቱ በእጅ የሆነ፣ ትፈልጋለች። ያን ከሠሩላት ባሏ አንድ ጊታርና አንድ አምፕሊፋየር ያስመርጣል። አቶ ሻንቆ ያንን ክረምት በሙሉ ከጉድጓዱ አልወጡም። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ከሥሩ የእሳቸው መወርወሪያ ይሰማ ነበር። ሌላውን ደንበኛ ሁሉ መለሱ። ቤታቸው ያን ክረምት ከጎመንና ከቆጮ ሌላ አልቀመሰም።

በሰፈራችን ማሽን የሚገዛ ሰው ለብቻው አይሄድም። ሬዲዮም ይሁን የስፌት መኪና፣ አዋቂ ይዞ ይሄዳል። አዋቂው ይሄን ውሰድ ካለ ያ ነው፤ ክርክር የለም፤ ከተከራከርክማ ለምን አመጣኸው። አቶ ሻንቆ ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ታዬ፣ እኔ የማውቀው ክር ነው። ኮረንቲ አላውቅም። ዓይንህንም ጆሮህንም አደራ» አሉኝ።

«ምን ችግር አለ ጋሽ ሻንቆ» አልኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ያን ቀን ስቀበለው እውነቴን ነበር።

መስከረም እንደገባ እኔና ወልዴ ጨርቁን ይዘን ሄድን። የፈረንጁ ቤት ግማሹ በሣጥን ታሽጓል። ሁለት ጊታር ግድግዳው ላይ አስደግፎልናል። አንዱ ትልቅ፣ ሆዱ ክፍት፣ ወርቅ የመሰለ፣ ዳር ዳሩ የተጠረበ። ሁለተኛው ነጭ፣ ሆድ የሌለው፣ ደፍጣጣ ሳንቃ።

ወልዴ ወርቁን አቅፎ አለቀቀም። «ይሄኛው የሥጋ መክተፊያ ነው» አለኝ ነጩን በአገጩ እያሳየ።

«መክተፊያውን ነው የምትወስደው» አልኩት። «ያኛው ሆዱ ክፍት ስለሆነ ድምፁን ጠጥቶ ያጉረመርማል። ለዚህ ሙዚቃ ጊታሩ ጥርት ያለ፣ ቆራጥ መሆን አለበት። ክሩንም እየው፣ ወፍራም ነው፤ አንተ በምትመታው ኃይል ቀጭን ክር ይዋዥቃል። ጊታሩ ደረቅ፣ አምፕሊፋየሩ እርጥብ።»

አምፕሊፋየሮቹም ሁለት ነበሩ። አንዱ ቁም ሣጥን ያክላል፣ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ለብሷል። ሌላው ትንሽ፣ ጥግ ጥጉ የተላላጠ። ትንሹን ጎኑን በጉልበቴ ነካ ሳደርገው ከውስጡ ነጎድጓድ ወጣ። ሆዱ ውስጥ ሞላ አለ ማለት ነው፤ ድምፁ በዚያ ጠመዝማዛ ሽቦ ላይ ሮጦ ሲመለስ ነው ያ ውሃው የሚመጣው። ፈረንጁ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀና አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ወልዴን «ይሄን» አልኩት። ወልዴም እሺ አለ። እስከዚህ ድረስ አደራዬን አልበላሁም። ከዚያ የተሻለ ምርጫ በዕድሜዬ መርጬ አላውቅም።

ከዚያ ወልዴ ተጫወተ።

የአምፕሊፋየሩ ሽቦ ከሶፋው ኋላ ይገባል፣ እኛ መጨረሻውን አላየንም። ወልዴ ነጩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያችን ከሸክላው የያዛትን ጀመራት። ወንዙ መጣ። ድንጋዩ ሲንከባለል፣ አረፋው ሲነሳ፣ ሁሉ ነገር መጣ። የፈረንጁ ሚስት መጋረጃዋን ታቅፋ ከጓዳ ወጥታ ቆመች። ዘበኛው በመስኮት አንገቱን አስገባ። እኔ በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር አወቅኩ። ቅዳሜ ቦታው የእሱ ነው። ደግሞም እጠላዋለሁ። አብሮ አደጌን፣ ዳጣ አብሬው የበላሁትን ልጅ፣ ጊታሩን አውልቆ ላቡን ሲጠርግ እያየሁ እንዴት እንደጠላሁት አሁንም አልረሳውም።

ወልዴና ሴትዮዋ ጨርቁን ሊያዩ ወደ መኝታ ቤት ሲገቡ ፈረንጁ ከሶፋው ኋላ አንድ ግራጫ ብረት አወጣ። ጡብ ያክላል፣ ከጡብ ግን ይከብዳል። ጎኑ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተለጥፎበታል። የእጄን አንጓ ይዞ ሰሌዳውን አሳየኝ፣ ግድግዳውን አሳየኝ፣ አምፕሊፋየሩን አሳየኝ። ጣቱን እያወዛወዘ «ኖ፣ ኖ» አለኝ፤ ከዚያ በሁለት እጁ የእሳት ነበልባል ሠራልኝ። ባያሳየኝም አውቃለሁ። ዕቃው የአሜሪካ ነው። የኛ ግድግዳ የሚሰጠው ኮረንቲ የእሱ ሆድ ከሚችለው እጥፍ ነው። ይሄ ብረት መሐል ገብቶ ግማሹን ይቀንስለታል። ያለሱ ይነዳል።

በጋሪ ተመለስን። አደይ አበባው መንገድ ዳሩን ሞልቶታል። ወልዴ አምፕሊፋየሩን እንደ ሙሽራ አቅፎ፣ ብረቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው ታዬ? አጥንቴን ሰበረው እኮ።»

«ማስደገፊያ ነው» አልኩት። «አምፕሊፋየሩ ሲጮህ እንዳይንሸራተት ከኋላው ይደረጋል።»

«ፈረንጅ ለሁሉ ነገር ዕቃ አለው» አለና ሳቀ።

አፌ ላይ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር፤ ሰፈር ስንደርስ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር መሰለኝ። ሰፈር ደረስን። አልነገርኩትም።

እናቴ ያን ሰሞን የውድድሩን ወሬ ሰምተው ጠበቁኝ። እኛ ከጎጃም የመጣን ነን፤ እናቴ ዘር ይቆጥራሉ። «ስማ» አሉኝ፣ ሽሮዬን ፊቴ እያስቀመጡ፣ «ልጇ ከሸማኔ፣ ከቁጢት በጣሽ ልጅ አንሶ ቀረ ብለው እንዲስቁብኝ ነው? እኔ በየትኛው መንገድ ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው?» እናቴን ላሳብብባቸው አይደለም። እሳቸው ተናገሩ፣ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ወልዴ ቤት መብራት የለም። ስለዚህ ሁለቱን ሳምንት ያለ ኮረንቲ ነው የተለማመደው። ያ ነጭ ጊታር ሆድ ስለሌለው ካልተሰካ ድምፁ አይሰማም። ወልዴ ዘዴ አገኘ፤ የጊታሩን ቀንድ በጥርሱ ይዞ ይመታዋል፣ ድምፁን በአጥንቱ ይሰማዋል። እንዲህ አጎንብሶ፣ ምራቁ እንጨቱ ላይ እየወረደ፣ ቀኑን ሙሉ። አቶ ሻንቆ ከጉድጓዳቸው ሆነው፣ «ልጄ ጊታር ይበላል» እያሉ ለጎረቤት ይቀልዱ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ወልዴ ራሱ ጠራኝ። የአምፕሊፋየሩ መሰኪያ ጥርሱ ጠፍጣፋ ነው፣ የኛ ግድግዳ ደግሞ ክብ ጥርስ ነው የሚቀበለው፤ ቀይርልኝ አለኝ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠን ቀየርኩለት። እናቱ ትኩስ ድንች በዳጣ አቀረቡልኝ። እየበላሁ ኋላውን ከፈትኩት። ፊውዙን አየሁት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። ፊውዙን ብተወው ኖሮ ቅዳሜ ሲሰካ እሱ ብቻ ተበጥሶ ዕቃው ይድን ነበር። ወልዴ ሳይጫወት ይቀራል፣ እኔ ቦታውን አገኛለሁ፣ በሳምንቱ ዕቃው ይሠራል። የጠጋኝ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እኔ ፊውዙን አወጣሁትና የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ በቦታው ከተትኩ። ወረቀቱ አይበጠስም። እሳቱ እስከመጨረሻው ይገባል።

«ይሄ ለምንድነው?» አለኝ ወልዴ።

«መሐል ላይ እንዳይቋረጥብህ።»

«እግዜር ይስጥህ» አለኝ። እናቱ ድንች ጨመሩልኝ። በላሁት።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ነበር። ባንዱ፣ ባለቤቱ፣ ብርጭቆ የምታጥብ ሴት፣ ወሬ ሰምተው የመጡ የሰፈር ወጣቶች። አቶ ሻንቆ ነጭ ለብሰው በር አጠገብ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ተቀመጡ ያላቸው የለም።

መጀመሪያ እኔ ተጫወትኩ። ስህተት አልሠራሁም። ሲያልቅ ጋሽ በቀለ «ደህና» አለ፣ ሰዓቱን እያየ።

ወልዴ ተነሳ። አምፕሊፋየሩን አስቀመጠ፣ ያን ብረት በጥንቃቄ ከኋላው አስደገፈ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ወልዴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ታዬ፣ አንተ ሰካልኝ፣ እጅህ ይቅናኝ» አለ። ሄጄ ሰካሁት።

እውነት ለመናገር ከዚያ በኋላ የመጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ የሚመስል አልሰማሁም። ፈረንጁ ቤት ከሰማነው እጥፍ ነው። ያ ዕቃ ሊሞት ሲል ነው የዘመረው። ወልዴ ራሱ ደንግጦ ሳቀ፣ ግን አላቆመም። ብርጭቆ አጣቢዋ ውሃውን እያፈሰሰች ቆማ ቀረች። ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሳ። ጋሽ በቀለ ሰዓቱን ረስቶ በእግሩ ይመታል። አቶ ሻንቆን አየኋቸው። በግራ እጃቸው ኮፍያውን ይዘው ቀኝ እጃቸው በአየር ላይ መወርወሪያ እንደያዘ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ማድረጋቸውንም አላወቁትም።

የዘፈኑ እኩሌታ ላይ አንድ ነገር ፈነዳ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ የመስታወት ቱቦዎቹ ነጭ ሆነው ሲነዱ ታየ፣ ከዚያ ጭስ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር። ወልዴ ግን ያየው የአባቱን ክረምት ነው። ጊታሩን ጥሎ ቀኝ እጁን በዕቃው ጀርባ ከተተና የሚነደውን ይዞ ሊነቅል ታገለ። ቱቦው መዳፉ ውስጥ ፈነዳ። ኮረንቲው ደግሞ አልለቀውም አለ፤ ሰውነቱ ሲንዘፈዘፍ አየሁ።

ሮጬ ከግድግዳው የነቀልኩት እኔ ነኝ። የሰካው ይነቅላል።

ደሙ ነጩ ጊታር ላይ ፈሰሰ። ከኋላዬ አንዱ ጎረምሳ፣ «ድሮስ ሸማኔና ኮረንቲ» ሲል ጥቂት ሰው ሳቀ። ባለቤቱ ወለሉ ተበላሸ ብሎ አጣቢዋ ላይ ጮኸባት። አቶ ሻንቆ ነጠላቸውን ቀድደው የልጃቸውን እጅ ጠቀለሉ። ወልዴን ደግፌ ጋሪ ላይ ሳወጣው ጋሽ በቀለ በትከሻዬ ላይ እጁን አደረገና፣ «ቅዳሜ በሰዓቱ ድረስ» አለኝ።

የጣቶቹ ጅማት ተቆርጧል። ሐኪሙ ሰፋው፣ ቁስሉ ዳነ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልተጋጠሙም። ጊታሩ ቀረ። መወርወሪያውም ቀረ። የሸማኔ ልጅ ቀኝ እጁ ሲሄድ ምን እንደሚቀረው እናንተ አስቡት።

ከመስቀል በኋላ ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ወልዴ እጁ እንደተጠቀለለ ተነስቶ አቀፈኝ። «አንተ ባትነቅለው ሞቼ ነበር» አለኝ። እናቱ እግሬን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ያዝኳቸው። አቶ ሻንቆ ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው። ያ ግራጫ ብረት የተወጠረው ክር ጫፍ ላይ ተጭኗል።

«ይሄ ብቻ ነው ያልተቃጠለው» አሉኝ፣ በእጃቸው መታ መታ እያደረጉት። «ጥሩ ብረት ነው። ክሬን ይይዝልኛል።»

እኔ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ዓመት ተጫወትኩ። ሰው ይጨፍራል፣ ያጨበጭባል። ማንም ግን ብርጭቆ ማጠብ አላቆመም። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። ጊታሩን ለአሠሪዬ መልሼ ሬዲዮ መጠገኔን ቀጠልኩ። ወልዴ መጀመሪያ ተሸካሚ ሆነ፣ በግራ ትከሻው። ኋላ ክር መነገድ ጀመረና ቤት ሠራ። ወንድ ልጅ ሲወልድ የክርስትና አባት ያደረገው እኔን ነው፤ ሕይወቱን ያተረፍኩለት ወንድሙ ስለሆንኩ። ያ ልጅ የማርታ አባት ነው።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ከማርታ ጋር ሄድን። ሱቁ ውስጥ ጊታር እንደ በግ ተደርድሯል። አንዱን አንስታ መታችው፤ አያጉረመርምም ግን ይለሰልሳል፣ አስቀምጪው አልኳት። ሌላ አነሳች፣ ሰማያዊ። ክሩን ነካ ነካ ሳደርገው ጥርት ብሎ ጮኸ። ያንን አልኳት። አምፕሊፋየሮቹ አብዛኞቹ ሞላ የላቸውም፤ ውሃውን በኮምፒውተር ነው የሚሠሩት ብሎ ሻጩ አስረዳን። ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ነበር። በጉልበቴ ገፋ አደረግኩት። ነጎደ። «ይሄን» አልኳት። መሰኪያውን፣ ሰሌዳውን፣ ፊውዙን አንድ በአንድ አየሁ። ሻጩ፣ «አባባ፣ ምንም ችግር የለበትም፣ ለኛ ኮረንቲ የተሠራ ነው» ቢለኝም ሦስት ጊዜ አየሁት።

ወልዴ ሳሎን ውስጥ እግሩን ዱካ ላይ አድርጎ ጠበቀን። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ታጥፋለች።

«ሞላ አለው?» አለ መጀመሪያ።

«አለው አያቴ።»

«ታዬ ነው ያየው?»

«ሦስት ጊዜ።»

ማርታ አምፕሊፋየሩን የምታስቀምጥበት ስትፈልግ በሩን ይዞ የቆመውን ብረት አነሳች። ያ ብረት ነው። አቶ ሻንቆ ከሞቱ በኋላ በር እንዲይዝ መጥቶ ስንት ዓመት ረግጬው አልፌአለሁ። ማርታ ሰሌዳውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ አነበበችው።

«አያቴ፣ ይሄ እኮ ትራንስፎርመር ነው። ሁለት መቶ ሃያ ያስገባል፣ መቶ አሥር ያወጣል። የድሮ የአሜሪካ ዕቃ ያለዚህ ከተሰካ ይቃጠላል። የማን ነው?»

ወልዴ ሳቀ። «ማስደገፊያ ነው ልጄ። እንዳይንሸራተት ነው። ታዬ ነው የነገረኝ፣ ኮረንቲ ያውቃል። አይደለም እንዴ ታዬ?»

ሁለቱም አዩኝ። ሃምሳ ዓመት የጠበቅኩት በር ይሄ ነበር፤ ተከፍቶ ቆመልኝ። ሰባን አልፌአለሁ። ምን ይቀርብኛል።

«ማስደገፊያ ነው» አልኩ።

«ሰማሽ?» አላት ወልዴ። «ትምህርት ቤት ሁሉን አያስተምርም።»

ማርታ የአያቷን እጅ አየች። ከዚያ እኔን አየች። ልጅቱ ሞኝ አይደለችም። «እሺ አያቴ» አለች፣ ቀስ ብላ። ብረቱን ወደ በሩ መለሰችው፤ ሰሌዳውን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው።

ከዚያ ሰካችውና ተጫወተች። ወልዴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ነሐሴ» አለ። የማይገጥሙት ሁለት ጣቶቹ ጭኑ ላይ ወደታች ወደላይ ሲሉ አየሁ።

ስነሳ ወልዴ፣ «ሸኚው እንጂ» አላት። በእነሱ ቤት ሽማግሌ እስከ ውጭ በር ነው የሚሸኘው፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ሳትሸኘኝ ቀርታ አታውቅም።

«ገመዱን እየፈታሁ ነው አያቴ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ገመዱ አልተወሳሰበም ነበር። ብቻዬን ወጣሁ።

ይሄን የጻፍኩት አፌ እንቢ ስላለኝ ነው። ወልዴ ማንበብ አይችልም። የምታነብለት ማን እንደሆነች አውቃለሁ፣ አልሰጣትምም። እሷ አውቃ ዝም ብላለች፤ ዝም ያለችው ለእሱ ነው፣ ለእኔ አይደለም። ይቅርታ መጠየቅ ይቀላል የሚሉ ሰዎች ይሄን የመሰለ ነገር ሠርተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ደህና እበላለሁ። ደህና እተኛለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሦስት አጥር አልፎ ያ ወንዝ ይመጣል፣ ድንጋዩን እያንከባለለ። ያኔ እሱን እንዳልሰማ ሬዲዮውን ለመክፈት እጄን እዘረጋለሁ። ሬዲዮው ከሞተ ቆይቷል።